ይህ አገርን ደስ ያሰኝ
የአንዲት ሳንቲም ሰብሳቢ ማስታወሻ ከነፋስ ስልክ

እሑድ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከቅዳሴ መልስ ጎፋ ያሉ አንዲት እናት ቡና ጠርተውኝ ሄድኩ። ቶናው ሲቀዳ ወደ ጓዳ ገቡና በነጠላ ጫፍ የተቋጠረ ነገር ይዘው ተመለሱ። «ልጄ፣ የድሮ ገንዘብ ታውቂያለሽ አሉኝ፤ እስቲ ይሄን እዪልኝ» ብለው ቋጠሮውን ፈቱት። ከእናታቸው የወረሷቸው ማርትሬዛዎች፣ የኦስትሪያዋ እቴጌ የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለባቸው የብር ገንዘቦች ናቸው። አንዱ ማንጠልጠያ ተበይዶበታል። ዕድሜውን ሁሉ በአንገት ላይ ስለኖረ የእቴጌይቱ ጉንጭና አፍንጫ በልብስና በገላ ተፈግፍጎ ለስልሷል። ሌሎቹ ግን ጥርት እንዳሉ ናቸው።

አጉሊ መነጽሬን አውጥቼ በእቴጌይቱ ትከሻ ላይ ያለውን ክብ ጌጥ አሳየኋቸው። ዘጠኝ ዕንቁ ዙሪያውን ተደርድሮበታል። እማማ ሳቁ። «አባቴ እኮ መንዝ ገበያ ይህን ሳይቆጥር ብር አይቀበልም ነበር። ዕንቁው የደበዘዘ ከሆነ ‹ውሰድልኝ› ብሎ ይመልሰዋል» አሉኝ። በመጽሐፍ ያነበብኩትን ነገር፣ ካየ ሰው አንደበት ስሰማው ትልቅ ደስታ ተሰማኝ። የአገራችን ገበያተኛ ላቲኑን ባያነብም እያንዳንዷን ነጥብ በዓይኑ መርምሮ ነበር ብሩን የሚቀበለው።

ሁሉም ላይ የተጻፈው ዓመት 1780 ነው። ማሪያ ቴሬዛ ያረፈችው እ.ኤ.አ. በዚያው ዓመት ነው፤ ብሩ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ ከዚያ በኋላም ከመቶ ዓመት በላይ ሲመታ ኖረ። የእኛና የቀይ ባሕር ማዶ ገበያ የለመደውን መልክ እንጂ ሌላ አልቀበልም ስላለ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ያስመቱት ባለ አንበሳው ብር እንኳ ማርትሬዛን ከገበያ ማስወጣት አልሆነለትም። ጣልያንም ለወረራው ሲዘጋጅ የመምቻውን ቅርጽ ከቪየና ወደ ሮም ወስዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ማርትሬዛን ራሱ መምታት ጀመረ። ኢትዮጵያ ውስጥ ስንቅና ጭነት የሚገዛበት ሌላ የታመነ ገንዘብ አልነበረውም።

ማንጠልጠያ የሌለውን በትንሿ ሚዛኔ ላይ አስቀመጥኩት፤ 28 ግራም ሊሞላ ጥቂት ቀረው። እማማ ሚዛኑን እያዩ «አንድ ብር ሠሪ አቅልጬ መስቀል ልሥራልዎ ብሎኛል፤ ምን ትያለሽ?» አሉኝ። «እማማ፣ መስቀል ከሌላም ብር ይሠራል። ባለ ማንጠልጠያው በእናትዎ አንገት የዋለ ነው፤ ከቀለጠ ግን ማንም ብር ነው» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና ቋጠሯቸውን መልሰው ቋጠሩ። ከመሄዴ በፊት ፎቶ አነሳሁት፤ በካርዴም ላይ ከማን እንደወረሱት፣ ከየት እንደመጣ፣ ክብደቱንና ስፋቱን ጻፍኩ። እማማ ካርዱን ሳነብላቸው የእናታቸውን ስም በደንብ ጽፌው እንደሆነ ደጋግመው ጠየቁኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14 ቀን

ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈር ልጆች ሳሎኔን የሚሞሉበት ጊዜ ነው። ዛሬ ወንድሜ ከፍራንክፈርት የላከልኝን ሳንቲሞች አወጣሁላቸው። ፈቃድ ካለው ሱቅ የተገዙ ናቸው፤ ደረሰኙን ከሳንቲሙ ጋር በአንድ ፖስታ ነው የማኖረው።

የመጀመሪያው የመቄዶንያው ንጉሥ የፊልጶስ ነሐስ ነው። በአንድ ወገን አፖሎን የሚባለው የግሪኮች ጣዖት፣ በሌላው ወገን ፈረስ የሚጋልብ ወጣት አለ። «የታላቁ እስክንድር አባት ነው» ስላቸው ሁሉም ሊነካው ተጋፋ። ከዚህ አጠገብ የኬልቶችን የወርቅ ሳንቲም ሥዕል ከመጽሐፍ ከፍቼ አስቀመጥኩ። ኬልቶች በመካከለኛውና በምዕራብ አውሮፓ ይኖሩ የነበሩ ሕዝቦች ናቸው። ለመቄዶንያ ነገሥታት በቅጥር ወታደርነት ሲያገለግሉ የፊልጶስን ወርቅ ደመወዝ ተቀብለው ወደ አገራቸው ወሰዱ፤ ኋላም እሱን እያስመሰሉ የራሳቸውን መቱ። በፊልጶስ ወርቅ ጀርባ ላይ ሁለት ፈረሶች የሚጎትቱት ሠረገላ ነበር። በኬልቶቹ እጅ ሲገለበጥ ሲገለበጥ ሠረገላው ጠፋ፤ አንድ ፈረስ ብቻ ቀረ፤ እሱም እግሩ መስመር፣ ጉልበቱ ነጥብ ሆነ። የአፖሎን ፀጉርም ፊቱን እያለበሰው ሄደ።

አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ መሥራት አቅቷቸው ነው?» አለችኝ። «አይደለም፤ ከሌላው የተቀበሉትን በራሳቸው ዓይን አይተው መልሰው ሠሩት። ፈረሱን እዪው፤ ይሮጣል» አልኳት። ደብተሯን አውጥታ ፈረሱን ሣለችው። ወደ አክሱም ለመሻገር ይህ ጥሩ በር ሆነልኝ። የእኛ ነገሥታትም ሳንቲም መምታትን ከግሪክና ከሮም ዓለም ነው የተቀበሉት፤ በተቀበሉት ላይ ምን እንደጨመሩበት ግን ለጽዮን በዓል አቆየሁላቸው።

ሁለተኛው ሳንቲም የሮሙ ንጉሠ ነገሥት የቆስጠንጢኖስ ልጅ የቆንስጣንዮስ ነው። ከጥፍር ብዙም አይሰፋም። በጀርባው አንድ ወታደር ከፈረሱ የሚወድቅን ጠላት በጦር ሲወጋ ይታያል። ዙሪያውን ያለው ላቲን «ፌል ቴምፕ ሬፓራቲዮ» ይላል፤ ደጉ ዘመን ተመለሰ ማለት ነው። ለልጆቹ ያልኳቸው ግን ሌላ ነው፦ «ይህ ሰውዬ ለአክሱሙ ንጉሥ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ ነበር።» እ.ኤ.አ. በ356 ወይም በ357 ገደማ የተጻፈው ያ ደብዳቤ በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት በቅዱስ አትናቴዎስ ጽሑፍ ውስጥ ተጠብቆ ዛሬ ድረስ ይነበባል። ጳጳሱን ፍሬምናጦስን፣ የእኛን አባ ሰላማን፣ ለምርመራ ወደ እስክንድርያ ላኩልኝ የሚል ነው። በትውፊታችን አባ ሰላማ እስከ ዕረፍታቸው በመንበራቸው ቆይተዋል። ልጆቹ ያቺን ነሐስ በየተራ መዳፋቸው ላይ እያስቀመጡ፣ ለንጉሣችን የጻፈውን ሰው ፊት ተመለከቱ። የታሪክ መጽሐፍ ከሚነግራቸው ይልቅ ያቺ ነሐስ የነገረቻቸው ልባቸው ውስጥ እንደገባ ከፊታቸው አየሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21 ቀን፣ ጽዮን ማርያም

ቴሌቪዥኑ አክሱምን ሲያሳይ ዋለ። ልጆቹ በዓል ስለሆነ ዘግይተው መጡ። ዛሬ የአክሱምን ሳንቲሞች በሥዕል ብቻ አሳየኋቸው። እኔ ዘንድ የአክሱም ሳንቲም የለም፤ አይኖርምም። ከአገራችን መሬት የወጣ ቅርስ የሁላችን ስለሆነ እኔ የምሰበስበው ሥዕሉንና ታሪኩን ነው።

ከኢንዱቢስ ጀመርኩ። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በስሙ ወርቅና ብር የመታ፣ ከምናውቃቸው የአክሱም ነገሥታት የመጀመሪያው ነው። ጽሑፉ በግሪክኛ «ባሲሌውስ አክሶሚቶን» ይላል፤ የአክሱማውያን ንጉሥ። በዚያ ዘመን ወርቅ በራሱ ንጉሥ ስም መምታት የጥቂቶች ክብር ነበር። የፋርሱ ነቢይ ማኒ የዓለምን ታላላቅ መንግሥታት ሲዘረዝር ከፋርስና ከሮም አስከትሎ አክሱምን የጠራው በዚያው ክፍለ ዘመን ነው።

ከዚያ በፊት ምን እንገበያይ ነበር የሚል ጥያቄ መጣ። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ በጻፈው የኤርትራ ባሕር መንገድ መምሪያ ላይ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ለውጭ አገር ሰዎች የሚሆን ጥቂት የሮም ገንዘብ አለ። ናስም ይገባ ነበር፤ ሰዉ እየቆራረጠ እንደ ገንዘብ ይጠቀምበት እንደነበር ይኸው ጽሑፍ ይናገራል። ከተቆራረጠ ናስ ተነስተን፣ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የራሳችንን ንጉሥ ፊት በወርቅ ላይ አተምን። ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ማለቱ አልቀረም።

ልጆቹን ይበልጥ የያዛቸው ሥዕሉ ነው። በወርቁ ላይ ንጉሡን ከግራና ከቀኝ ሁለት የእህል ዛላዎች ያቅፉታል። የሮም ንጉሥ የድል አክሊል ሲደፋ የእኛው በአዝመራ መካከል ቆመ። በፊት በአናቱ ላይ ጨረቃና የፀሐይ ክብ ነበሩ፤ ኢዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ በዚያው ቦታ መስቀል ተተካ። ሰነድና ድርሳን ሳንጠቅስ፣ የአንድን መንግሥት ሃይማኖት መለወጥ በሁለት ሳንቲሞች መካከል ማሳየት ይቻላል። ሌላው የአክሱም አንጥረኞች ጥበብ ደግሞ በነሐስና በብር ላይ ወርቅ መለበጥ ነው። በንጉሥ ወዜባስ ነሐስ ላይ ከንጉሡ ራስ ጀርባ ወርቁ እንደ ብርሃን ያበራል። በትንሽ ገንዘብ ላይ ይህን ያህል የደከመ መንግሥት በጥንቱ ዓለም ሌላ አላውቅም።

ከነገሥታቱ ሁሉ መጀመሪያ በግዕዝ ያጻፈው ወዘባ የተባለው ሌላ ንጉሥ ነው። ከእሱ በኋላ ወርቁ ወደ ውጭ ለሚወጣው ንግድ በግሪክኛ ሲቀጥል፣ ብሩና ነሐሱ ግን ቀስ በቀስ ወደ አገሬው ቋንቋ ዞረ። በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ አርማሕ በዙፋኑ ላይ ተቀምጦ በሚታይበት ነሐስ ላይ በግዕዝ «ፍሥሓ ለይኩን ለአሕዛብ» የሚል አለ፤ ደስታ ለሕዝቡ ይሁን። ከሁሉ የምወደው ደግሞ የንጉሥ ስም የሌለበት ትንሽ ነሐስ ነው። በመሐሉ መስቀል፣ በዙሪያው «ቱቶ አሬሴ ቴ ኮራ» የሚል ግሪክኛ። ይህ አገርን ደስ ያሰኝ እንደማለት ነው። የንጉሡን ድል የሚያወራ ሳንቲም በየአገሩ ሞልቷል፤ ለያዘው ሰው ደስታን የሚመኝ ግን ጥቂት ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 27 ቀን

ማታ ሳሪስ ጋራዥ የሚሠራ አንድ ወጣት የቀድሞ ተማሪዬ ጠቁሞት ቤቴ መጣ። ከአክሱም አካባቢ የመጣ ልጅ ነው። ጥቂት ከተጫወትን በኋላ ከኪሱ የክብሪት ቀፎ አወጣ፤ በጥጥ የተጠቀለለች ነሐስ አለችበት።

«እትዬ፣ አጎቴ ሲያርስ ያገኛት ናት። ክረምት ሲወጣ፣ ዝናቡ አፈሩን ካጠበው በኋላ ማሳው ላይ ብቅ ትላለች። እዚህ አንድ ደላላ እገዛታለሁ ብሎኛል፤ ዋጋውን እንዳያታልለኝ እርስዎ ይንገሩኝ።»

መብራት ሥር ይዣት ሄድኩ። አረንጓዴ ዝገት ለብሳለች፤ በአንድ ጠርዟ ግን ደላላው ልየው ብሎ በሎሚ ፈትጓት ቀይ ሆናለች። ልጁን መጀመሪያ የለመንኩት ከዚህ በኋላ ማንም እንዳይፈትጋት ነው። ያ አረንጓዴ ልብስ መልኳን ጠብቆ ለዘመናት ያቆያት ነው፤ በሎሚና በአመድ ሲነሳ ፊደሉም አብሮ ይነሳል። አጉሊ መነጽሩን ሳስጠጋ ራሱን በሻሽ ያሰረ የንጉሥ ፊት በጎን ታየኝ። ገለበጥኳት። በመሐሏ እኩል ክንድ ያለው መስቀል፤ በዙሪያው ከላይ ጀምሬ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አነበብኩ። ያችው ናት፤ ባለፈው ሳምንት ለልጆቹ በሥዕል ያሳየኋት፣ ስም የለሹ ንጉሥ ነሐስ። እጄ ተንቀጠቀጠ። በሚዛን ላይ ከ1 ግራም ብዙም አትርቅም።

«ስንት ታወጣለች?»

«ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ። ከአክሱም ነሐሶች በብዛት ከሚገኙት አንዷ ናት። በውጭ አገር ጨረታ ላይም ትሸጣለች፤ ሀብታም የምታደርግ አይደለችም።»

ፊቱ ጠቆረ። የቤት ኪራይ እንዳለበት ነገረኝ፤ ቤሳ ቤስቲን በእጁ የለም። ይህን ችግሩን አቃልዬ ማለፍ አልፈለግሁም። ቢሆንም ማወቅ ያለበትን ሁሉ ነገርኩት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለቅርስ ባለሥልጣን እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ላስረከበም ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው ይደነግጋል። ደላላው የሚገዛት ከአገር ሊያስወጣት ነው፤ ያ ደግሞ ወንጀል ነው።

«ብዙ ካለ ታዲያ ይቺ አንዷ ምን ታደርግላቸዋለች?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። «በየሙዚየሙ ያሉት ብዙዎቹ ከየት እንደተገኙ ማንም አልጻፈም። አንተ ግን አጎትህ በየትኛው ማሳ እንዳገኛት ታውቃለህ። ደላላው እጅ ከገባች ያ ዕውቀት ዛሬውኑ ይሞታል» አልኩት። ቀፎውን መልሶ ኪሱ ከተተ። «ላስብበት» ብሎ ሄደ፤ እኔም ስልኬን ሰጠሁት።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን

ትናንት ማታ ደወለ። «እትዬ፣ ከአጎቴ ጋር ተማከርን። ‹ለመንግሥት ስጥ፣ ስማችን ይጻፍ› አለኝ። አብረውኝ ይሂዱ?» በደስታ እሺ አልኩት።

ጠዋት ሳሪስ ተገናኝተን በባቡር እስከ ስታዲየም፣ ከዚያ በታክሲ ወደ አምስት ኪሎ ወጣን። ቅርስ ባለሥልጣን የተቀበሉን ባለሙያ ቀፎውን በጥንቃቄ ከፍተው ነሐሷን በጓንት አነሷት፤ መዝነው፣ ለክተው፣ ፎቶ አነሱ። ዋጋ የሚባል ነገር ከአፋቸው አልወጣም። የጠየቁት ሁሉ ስለ ቦታው ነው፦ ማሳው ቁልቁለት ነው ወይስ ሜዳ? አጠገቡ ወንዝ አለ? የሸክላ ስብርባሪ ይታያል? የተጠረበ ድንጋይስ? ልጁ መጀመሪያ በአጭር በአጭሩ ይመልስ ነበር፤ ኋላ ግን ወረቀት ተቀብሎ የአጎቱን እርሻ በእርሳስ ሣለላቸው። ከቤታቸው ወደ ማሳው የሚወስደውን መንገድ፣ ሾላውን፣ ምንጩን አንድ በአንድ አሰፈረ። የአጎቱ ስም፣ የእሱም ስም በመረከቢያው ላይ ተጻፈ። ሽልማቱ በሥርዓቱ የሚታይ ጉዳይ ስለሆነ ማመልከቻውን አስገብቶ ወጣ።

ከዚያ ብሔራዊ ሙዚየም ገባን። ልጁ አዲስ አበባ ከመጣ ጀምሮ ሙዚየሙን አይቶት አያውቅም ነበር። ድንቅነሽን ካየን በኋላ በአክሱም ዘመን ዕቃዎች ፊት ረጅም ጊዜ ቆመ። «ይሄ ሸክላ እኮ በእኛ ማሳ ሞልቷል» አለኝ። ጎብኚዎች ዞር ብለው አዩት፤ አንዲት ተማሪ «የት ነው የእናንተ አገር?» ብላ ጠየቀችው፤ እሱም ይነግራት ጀመር። በሰፈሩ ጋራዥ ስሙን እንጂ አገሩን ጠይቆት የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። እዚያ መስታወት ፊት ቆሞ ግን አስተማሪ ሆነ። ይህን ያየሁበት ቀን ከሰበሰብኳቸው ሳንቲሞች ሁሉ ይበልጥብኛል።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን

ዛሬ የልጆቹ ተራ ነው። ከየቤታቸው የድሮ ሳንቲም እንዲያመጡ ነግሬያቸው ነበር። ጠረጴዛው ሞላ፦ የዛሬው ባለ ኒያላ 10 ሳንቲም፣ የጃንሆይ ዘመን መዳቦች፣ አንድ የጣልያን ሊሬ፣ የአንዱ ልጅ አያት ከሐጅ ሲመለሱ ያመጡት የሳዑዲ ሀላላ። በየሳንቲሙ ላይ ስስ ወረቀት አድርገው በእርሳስ ጎን ያሹታል፤ አንበሳው ከወረቀቱ ሥር ቀስ እያለ ብቅ ሲል ጩኸታቸው ጎረቤት ይሰማል። ሥራው ሳንቲሙን ሳይጎዳ መልኩን ያስቀራል፤ ልጆቹም ጠርዝና ፊደል ማየትን ይማሩበታል።

የአንደኛዋ ልጅ ሳንቲም ጠርዙ የተሸረፈ የሚመስል 25 ሳንቲም ነው፤ «ተበላሽቶ ነው» ብላ ልትጥለው ነበር። አልተበላሸም። የጃንሆይ መንግሥት ከነጻነት በኋላ አዲሱን ብር ሐምሌ 1937 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲያውል 25 ሳንቲሙ ክብ መዳብ ነበር፤ 50ው ደግሞ ብር። መጠናቸው ስለሚቀራረብ አጭበርባሪዎች መዳቡን ብር እየቀቡ በ50 ያሳልፉት ጀመር። መንግሥትም 25ውን ዙሪያውን እንደ አበባ ቅጠል አድርጎ እንደገና መታው፤ ዓይን ያልለየውን ጣት እንዲለየው። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ዙሪያውን በጣቷ ዳሰሰችና «ጨለማም ውስጥ ይታወቃል!» አለች። የእማማ አባት ዕንቁ ይቆጥሩ ነበር፤ ይቺ ደግሞ በጣቷ ለየች።

ለእያንዳንዱ ሳንቲም ካርድ ጻፉ፦ ምንድን ነው? የማን ነው? ከማን፣ ከየት፣ መቼ ተገኘ? አንዱ ልጅ መልሱን ለማወቅ ወደ ቤቱ ሮጦ ሄዶ አያቱን ይዞ መጣ። አያቱም ቁጭ ብለው በአንድ ብር ስንት እንቁላል ይገዛ እንደነበር፣ የመጀመሪያ ደመወዛቸውን የት እንደተቀበሉ አወሩልን። ልጆቹ ካርዱ አልበቃ ብሏቸው ጀርባውን ሞሉት።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን

ወንድሜ ከፍራንክፈርት ደወለ። ስለ ነሐሷ ስነግረው እዚያ ያሉ ሰብሳቢዎች የአክሱምን ሳንቲም ምን ያህል እንደሚወዱ አጫወተኝ። እንግሊዛዊው ስቱዋርት መንሮ ሄይ ዕድሜውን ሙሉ ያጠናው፣ የኦክስፎርዱ ሐኪም ቤንት ዩል የንሰን ከሥራው ጎን ሲሰበስበው የኖረ ሀብት ነው። ሁለቱም ያገኙትን በካታሎግ አትመው ለማንም አንባቢ ስላካፈሉ፣ እዚህ ነፋስ ስልክ ተቀምጬ የማስተምረው ከእነሱ ድካም ነው። ስብስብ ከነምዝገባው ሲታተም የሕዝብ ይሆናል፤ በመሳቢያ ሲቆለፍ ግን ሰብሳቢው ሲሞት ይበተናል።

ቦታ መመዝገብ ምን እንደሚያመጣ ከታሪካችን ምሳሌ ቆጠርን። የአክሱም ዘመን ከተማ በነበረችው ማጠራ ላይ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ አንፍሬ ሲቆፍር በነሐስ ዕቃ ውስጥ ከወርቅ መስቀሎች ጋር 14 የሮም የወርቅ ሳንቲሞች ተገኙ፤ ማንጠልጠያ ተበይዶላቸው የአንገት ጌጥ ሆነዋል። የሮም ንጉሥ ፊት በአክሱም ዘመን ሰው አንገት ላይ ይንጠለጠል ነበር ማለት ነው፤ ልክ ማርትሬዛ በእማማ እናት አንገት እንደዋለ። ደብረ ዳሞ ላይ እ.ኤ.አ. በ1940 ከ100 የሚበልጡ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል፤ ከሰሜን ህንድና ከአካባቢው ጋር የነበረንን ንግድ የሚመሰክሩ ናቸው። በደቡብ የመን በአል ማዳሪባ ደግሞ ከሺህ በላይ የወርቅ ሳንቲም በአንድ ላይ ሲወጣ፣ የአክሱምና የሮም ወርቅ ተደባልቆ ነበር። ዐፄ ካሌብ ባሕር ተሻግረው በዘመቱበት አገር የአክሱም ወርቅ ከሮም ወርቅ ጎን ቆሞ ይገበያይ እንደነበር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። እነዚህ ሁሉ ቦታቸው ሳይጻፍ በየሱቁ ተበትነው ቢሆን ኖሮ የሚያምሩ ወርቆች እንጂ ታሪክ አይሆኑም ነበር።

ስልኩን ሳልዘጋ ያ ወጣት በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ከአጎቱ ጋር ዛሬም ሲነጋገሩ ማሳው ላይ ማረሻ የሚያግደው ረጅም የድንጋይ መሠረት እንዳለ፣ አባታቸውም ያንን ቦታ «የጥንት ሰዎች ቤት» እያሉ ከማረስ ይተዉት እንደነበር ነግረውታል። ቁጭ ብለን በደንብ ጻፍነው፤ ቀበሌውን፣ የማሳውን ስም፣ ከምንጩ ያለውን ርቀት። ደላላ እጅ እንዳይገባ ቦታውን በዚህ ማስታወሻ ላይ አላሰፍረውም። ነገ ጠዋት ጽሑፉን አምስት ኪሎ እናደርሰዋለን፤ አጎቱም ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያመለክታሉ።

ከግራም ብዙም የማትርቅ ነሐስ የአንድን መንደር ታሪክ ልታስከፍት የቻለችው አንድ ገበሬ የት እንዳገኛት ስላስታወሰና የእህቱ ልጅም ለመናገር ስለደፈረ ነው። ስለዚህ ይህን የሚያነበውን ሁሉ የምለምነው አንድ ነገር ነው። በቤትዎ የአያት ማርትሬዛ፣ የጃንሆይ ሳንቲም ወይም ከመሬት የወጣ የጥንት ነሐስ ካለ አይፈትጉት፣ አያቅልጡት፣ ለደላላ አይስጡት። ከመሬት የወጣውን ለቅርስ ባለሥልጣን ያስረክቡ። የወረሱትን ደግሞ ከማን፣ ከየት፣ መቼ እንዳገኙት ዛሬውኑ በወረቀት ጽፈው ለልጅ ያሳዩ። ሳንቲሙን የመቱት አባቶቻችን የተመኙት አገር ሁሉ እንዲደሰትበት ነውና።